ጅጅጋ ሂዱ፣ ዳናን ጠጡ!

ከእንግዲህ ስለ አገሬ መጠጥ ሊያስተምረኝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጅጅጋ ደርሶ አንድ ኩባያ ዳናን ይጠጣና ይምጣ። ጠጅ እወዳለሁ፤ በደንብ የተጠመቀ ጠላ ከቀረበልኝ ከመቀመጫዬ አልነሳም፤ ቡናችንንማ ለማንም አላስነካም። ነገር ግን በጢስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ አድሮ የኮመጠጠው የግመል ወተት፣ ሶማሌዎች ዳናን የሚሉት፣ እስከ ዛሬ አፌ ከገባው መጠጥ ሁሉ ይበልጥብኛል። አጋነንክ የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን እየቆጠብኩ ነው የምጽፈው።

ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚደርስባችሁ ጢሱ ነው። ኩባያው ከከንፈር ሳይደርስ የታጠነው እንጨት መዓዛ አፍንጫችሁ ውስጥ ገብቶ ተደላድሏል። ቀጥሎ ኮምጣጣው ይመጣል፤ ስለታም፣ ንጹሕ፣ ዙሪያ ጥምጥም የማያውቅ ኮምጣጣ። የላም እርጎ ቅባቱን ምላስ ላይ ትቶ ይቆያል፤ ዳናን አይቆይም። ቀጭን ነው፣ ይፈስሳል፣ ጉሮሮን ጠርጎ ያልፋል። በመጨረሻ፣ አለቀ ስትሉ፣ ከምላስ ዳርና ዳር ላይ ስስ ጨው ብቅ ይላል። ጣፋጭ ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። ከዋጣችሁት በኋላ አፋችሁ ደረቅ ብሎ ሌላ ጉንጭ ይጠይቃል፤ ያኔ አልቆላችኋል፣ ኩባያው እስኪያልቅ አታስቀምጡትም።

ነጭነቱ ደግሞ! የላም ወተት ወደ ቢጫ የሚያደላው ላሟ ከጋጠችው ሣር ባገኘችው ካሮቲን ነው። በግመል ወተት ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ወተቱ አንዳች ቀለም ሳይነካው ነጭ ይሆናል። የስቡ ቅንጣቶች በጣም ደቃቃ በመሆናቸው ደግሞ ቶሎ ብለው ላይ አይንሳፈፉም፤ ስለዚህ ትኩሱ ወተት ላዩ ላይ ስልባቦት ሳይሆን አረፋ ነው የሚይዘው። ገና ሲያዩት ያጓጓል።

እኛ የደጋ ሰዎች ግመልን የምናውቀው በተረትና በመጽሐፍ ነው። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንላለን፤ ውሾቹ ይጮኻሉ ግመሎቹም ይሄዳሉ እንላለን፤ በመርፌ ቀዳዳ ስለምታልፈው ግመል በወንጌል ሰምተናል። ወተቷ ግን ወደ ማዕዳችን ደርሶ አያውቅም። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ግመል በኦሪት ሕግ ከተከለከሉት እንስሳት አንዷ ስለሆነች ኦርቶዶክሳውያን ሥጋዋንም ወተቷንም አይነኩም። በእምነቱ የተነሣ የማይጠጣውን ሰው አከብራለሁ፤ እሱ ይህን ጽሑፍ የጎረቤቱን ሙያ እንደሚያደንቅ ሰው ያንብብልኝ። ምክንያት ሳይኖረው፣ ስላልለመደው ብቻ ፊቱን የሚያዞረውን ግን አልለቀውም። አንተ ሰው፣ እባክህ ቅመስ!

ወደ ጅጅጋ የሚወስደው መንገድ ራሱ ምግብ መክፈቻ ነው። ከሐረር ወጥታችሁ በለውዟ ወደምትታወቀው ባቢሌ ትደርሳላችሁ። ባቢሌ የግመል ገበያ አላት፤ ሻጭና ገዥ እጃቸውን ከጨርቅ ሥር ሰድደው በጣት ንክኪ ሲደራደሩ ታያላችሁ፤ ዋጋው ስንት እንደደረሰ ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም። ከዚያ በዳካታ ሸለቆ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቆልለው ሊወድቁ ነው በሚያሰኙት ቋጥኞች መካከል ታልፋላችሁ። ቀጥሎ በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ስሙ የገነነውን ካራማራን ተሻግራችሁ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደተዘረጋው የጅጅጋ ሜዳ ትወርዳላችሁ። ነፋሱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ግመሎቹም በየአቅጣጫው አሉ።

ጅጅጋ ለመንገደኛ አዲስ አይደለችም። በ1842 እ.ኤ.አ. ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ የዘይላና የሐረር ነጋዴዎች ከሚያርፉባቸው ሰፈሮች መካከል ስሟን መዝግቦ ነበር። «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በአንድ ወቅት አስተዳድረዋታል። በዚህ ሁሉ ዘመን በዚህ ሜዳ ያለፈ ሲራራ ነጋዴ ጥሙን በምን ቆረጠ? ውሃ በማይገኝበት አገር ውሃውን ተሸክማ የምትሄደው ግመሏ ናት፤ ወተቷ ምግብም መጠጥም ነበር።

ጠዋት ወደ ወተት ተራ ውጡ። ሻጮቹ ሴቶች ናቸው፤ በደማቅ ሻሽና ድሪያ ተውበው ከዕቃዎቻቸው ኋላ ተደርድረው ይቀመጣሉ። በሶማሌው ልማድ ግመል የሚያልበው ወንድ ነው፤ ወተቱ ከበረት ከወጣ በኋላ ግን ጉዳዩ የሴቶች ነው። ከጎርሱም፣ ከባቢሌ፣ ከፋፈን፣ ከቀብሪ በያህ በኩል በመኪና ተጭኖ የሚመጣውን የሚቀበሉት፣ የሚቀምሱት፣ የሚለዩት፣ የሚያስታምሙት፣ የሚሸጡት እነሱ ናቸው። የትኛው ዛሬ ትኩሱን መሸጥ አለበት፣ የትኛው ማደር ይችላል፣ የትኛው ከየትኛው ጋር መቀላቀል የለበትም የሚለውን የሚወስኑት ክዳን ከፍተው በማሽተት ነው። ላቦራቶሪ የለም፣ መለኪያ የለም፤ አፍንጫና ልምድ ብቻ።

አንዷን እናት «ኤዶ፣ የትናንቱ ይሻላል የዛሬው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ነው፤ በዕድሜ የምትበልጥን ሴት በዚህ መጥራት ወግ ነው። «ወላል (ወንድሜ)፣ ለማን?» አሉኝ። «ለሕፃን የዛሬው፣ ለመንገደኛ የትናንቱ፣ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ያደረው።» ካደረው ቀዱልኝ። ባላውቅም እንደሚያውቅ ሰው ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ኩባያውን የመለስኩላቸው ሌላ እንዲቀዱልኝ ነበር።

ያ ኩባያ የሩቅ አገር መጠጥ አስታወሰኝ። በጀርመን አገር ሞዘል በሚባለው የወንዝ ሸለቆ ወጣት ወይን ጠማቂዎች ተነሥተዋል። ቀጥ ባለ ገደል ላይ የተተከሉ አሮጌ የወይን ግንዶችን እየፈለጉ፣ ስኳሩ ተብላልቶ ያለቀ፣ ደረቅ፣ ኮምጣጣ ነጭ ወይን ይሠራሉ። የዓለም ቀማሾች ያበዱላቸዋል። ስለ አፈሩ ድንጋይ ይጻፋል፣ ስለ ዘመኑ ዝናብ ይጻፋል፣ ስለ ጠማቂው እጅ ይጻፋል፤ በጠርሙሱ ላይ የቦታው ስምና ዓመቱ ይታተማል። የሚገባቸው ክብር ነው። ግን ለጅጅጋው ነጭስ? ዳናን አያሰክርም፣ ሐላል ነው፣ ከወይን ጋር ዝምድና የለውም። ሆኖም አፈር አለው፣ ዘመን አለው፣ እጅ አለው። በአፍ ውስጥ የሚሠራው ሥራም ያው ነው፤ ደረቅ፣ ነጭ፣ የበቀለበትን ምድር የሚናገር። የቀረው የሚጽፍለት ሰው ነው።

እንግዲህ በአፈሩ እንጀምር። ግመል ከላም ይልቅ አንገቷን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ከሣር ይልቅ ቅጠልና እሾህ ትመርጣለች። በጅጅጋ ዙሪያ ግራር ትቀነጥባለች፣ ቁጥቋጦ ትለቅማለች፤ ወደ ባቢሌ በኩል እሾሃማውን በለስ እንኳ አትምረውም። ጨዋማ ቅጠል የበላች ግመል ወተቷ ጨው ይላል፤ መራራ የበላች መራራነቱን አትደብቅም። ወተት የሚያውቅ የአገሩ ሰው አንድ ጉንጭ ወስዶ መንጋው የት አካባቢ እንደዋለ ሲገምት ብትሰሙ አትገረሙ። ለወይን ቀማሽ ይህ ችሎታ ሙያ ተብሎ ይከፈልበታል።

ዘመኑን እንመልከት። በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ሁለት ዝናብ ይጠበቃል፤ በበልግ ወራት የሚጥለው ድራዕ እና ከሐምሌ ጀምሮ የሚመጣው ከረን። በከረን ምድሩ ይለመልማል፣ ግመሎቹ ይጠግባሉ፣ ወተቱ ይትረፈረፋል፤ ያኔ ለስላሳና ወፍራም ነው። ጅላል ሲገባ፣ በረጅሙ የበጋ ድርቅ፣ ወተቱ ያንሳል፣ ይቀጥናል፣ ጨዉ ይጎላል፣ ዋጋውም ይወጣል። ስለዚህ የከረን ዳናንና የጅላል ዳናን አንድ ስም ቢይዙም ሁለት መጠጥ ናቸው። እኔ የጅላሉን ቀጭንና ስለታም እመርጣለሁ፤ የከረኑን የሚመርጥ ሰው ካለ ተገናኝተን እንከራከር።

የጅላሉ መቅጠን ደግሞ ከሳይንስ የመጣ ተአምር አለው። ያጊልና ኤጽዮን የተባሉ ሁለት የእስራኤል ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ውሃ የተከለከለች ግመል ወተቷ ይደርቃል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ ውሃው ጨምሮ ተገኘ። ውሃ በምታገኝበት ጊዜ 86 በመቶ የነበረው የወተቷ ውሃ ስትጠማ 91 በመቶ ደረሰ፤ ስቡም ከ4.3 በመቶ ወደ 1.1 በመቶ ወረደ። አስቡት እስኪ! እናት ራሷ ተጠምታ ለልጇ ውሃ ታበዛለች። በጅላል የምትጠጡት ቀጭን ወተት ሻጭ ውሃ የጨመረበት ላይሆን ይችላል፤ ግመሏ ራሷ ናት የጨመረችው።

አሁን ወደ እጁ። ግመል ወተት እንደ ላም ዝም ብላ አትሰጥም። ከአሥራ ሦስት ወር ገደማ እርግዝና በኋላ የወለደችው ግልገል ካልቀረበላት ወተቷን ትይዛለች። ግልገሉ ሲጠባ ብቻ ወተቱ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይቆይም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ቆመው፣ እያንዳንዱ በአንድ እግሩ፣ የሌላውን እግር ጉልበት አጥፎ ዕቃውን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ በጥድፊያ ያልባሉ። ከአራቱ ጡቶች ሁለቱ ለግልገሉ ይተዋሉ፤ አንዳንዱ እረኛ የሰው ድርሻ የሆኑትን በልጥ ገመድ ያስራቸዋል። ግልገሉ የሞተባት እናት ደግሞ የልጇን ቆዳ አሽትታ ነው ወተቷን የምትለቀው። አንዲት ግመል በቀን ከ3 እስከ 10 ሊትር ትሰጣለች ይባላል፤ ያ ሁሉ በጓሮ የተገኘ ሳይሆን በአንድ እግር ቆሞ የተቀዳ ነው። ሶማሌ ለግመሉ ግጥም ቢገጥም፣ በጉድጓድ አፍ ላይ ሲያጠጣት ቢዘፍንላት ይገርማል?

ከእጁ ሁሉ የላቀው ግን የዕቃው ጥበብ ነው። ዲል ወይም ሃን የሚባለውን የወተት ዕቃ ሴቶች ከዕፅዋት ሥርና ከልጥ ይሰፉታል፤ በጥብቅ ስለሚሠራ ጠብታ አያሳልፍም። እንዲህ ሆኖ የተሠራው ዕቃ ወተት ከመቀበሉ በፊት ይታጠናል። ፍም ውስጡ ይጨመራል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ይወዘወዛል፣ ጢሱ የውስጡን ግድግዳ ሁሉ ይለብሳል፤ ከዚያ ፍሙ ተደፍቶ ዕቃው ይጠረጋል። እናቶቻችን ቅልን በወይራ ሲያጥኑ ያየ የደጋ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ጢሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ይገታል፣ ወተቱ በሙቀት አገር ሳይበላሽ እንዲቆይ ያግዛል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሜዳ ላይ የተፈለሰፈ ማቀዝቀዣ በሉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ወተቱ በታጠነው ዕቃ ይሞላል፣ ዕቃው በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ሞቅ ባለ ቦታ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ያህል ይተዋል። ማንም እርሾ አይጨምርበትም፤ ከዕቃውና ከወተቱ ጋር የኖሩት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የምሥራቅ ኢትዮጵያን የግመል ወተት እርሾ መርምረው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ ከሌሎቹ መካከል ላክቶኮከስ ላክቲስን አገኙ። በአውሮፓ አይብ ፋብሪካዎች በዓመታት ጥናት ከተመረጡት ባክቴሪያዎች አንዱ ይኸው ነው፤ በጅጅጋ ሜዳ ያለ ማንም ግብዣ መጥቶ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አትጠብቁ፤ እንደ እርጎ አይረጋም። በላም ወተት ውስጥ ካፓ ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ከኬዚኑ ሁሉ 13 በመቶ ያህሉን ሲይዝ በግመል ወተት ውስጥ 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የእሱ ማነስ መርጋትን ስለሚያዳክም ዳናን እስከ መጨረሻው ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፤ ዕቃውን ወዝወዝ አድርጎ መቅዳት ነው። ለዚህም ነው በግመል ወተት አይብ መሥራት የሠሪዎችን እጅ ለዘመናት ሲያስቸግር የኖረው። መፍትሔው የመጣው ከግመሏ ከራሷ ነው። ሳይንቲስቶች ወተት የሚያረጋውን የግመል ኢንዛይም ዘረመል ወስደው ማምረት ሲጀምሩ፣ ኢንዛይሙ ለላም ወተት ከጥጃው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ክሪስቲያን ሐንሰን የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ለገበያ አቅርቦታል። እናም ዛሬ በውጭ አገር አይብ የሚበላ ሰው ሳያውቀው የግመል ውለታ ሊኖርበት ይችላል።

ስለ ጤናውም ዝም አልልም፤ ግን ልክ አለኝ። የግመል ወተት ከላም ወተት ሦስት እጥፍ ያህል ቫይታሚን ሲ እንዳለው ተደጋግሞ ተመዝግቧል። ፍራፍሬና አትክልት ብርቅ በሆነበት ምድር ሰው በወተት ብቻ ወራት የሚዘልቅበት አንዱ ምሥጢር ይህ ነው። በሕንድ ቢካኔር በተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች ለስኳር ሕሙማን የሚጠቅም ምልክት ታይቷል፤ ነገር ግን ይህን አንብቦ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ካለ ወተቱንም እኔንም አትወቅሱ። ዳናንን ለማድነቅ መድኃኒት መሆኑ አያስፈልግም፤ ጣዕሙ ይበቃል።

አጠጣጡን ልምከራችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ በሻይ ግቡ። የጅጅጋ ሻይ ቤቶች በግመል ወተት የሚፈላ ሻይ አላቸው፤ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ገብቶበት ከወተቱ ጋር አብሮ ይንተከተካል። ወተቱ ስለፈላ ለጤናም አያሰጋም፤ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስን የመሳሰሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ መኮምጠጡም ሁልጊዜ ስለማያጠፋቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በፈላው ቢወሰኑ ይሻላል። ከሻዩ ቀጥሎ ትኩሱን አፍልታችሁ ሞክሩ። ዳናኑን ሦስተኛ አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ሊትር የሚጨርስ ጀግና ሆድ ማለዘቢያ እንደጠጣ ይቁጠረው፤ የአገሩ ሰዎች ያውቃሉ፣ ይስቁበታልም። ትንሽ በትንሽ ነው።

ከምን ጋር? ከሩዝና ከፍየል ሥጋ ጋር አቻ የለውም። ስቡ ምላስ ላይ ሲከብድ ዳናኑ ጠርጎ ይወስደዋል፣ አፍ እንደገና ይራባል። ጠዋት ላይ ደግሞ ለስለስ ባለው የሶማሌ እንጀራ፣ በላሆህ ላይ አፍስሱት። ሩዙ ላይ ራሱ የሚያፈሱትም አሉ፤ አፌን ከፍቼ ሳያቸው ከቆየሁ በኋላ እኔም አፍስሼ በልቻለሁ፣ ሌላም ጭልፋ አስጨምሬያለሁ።

ዓለም ነቅቷል። በሞሪታንያ ናንሲ አቤደራሕማን የተባለች ሴት በ1980ዎቹ መጨረሻ በኑዋክሾት ቲቪስኪ የተባለውን የወተት ፋብሪካ አቋቁማ የዘላኖችን የግመል ወተት አሽጋ መሸጥ ጀመረች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች፣ ከግመል ወተት አይብም ሠርታለች። በዱባይ የግመል ወተት በጠርሙስ ይሸጣል፤ ቸኮሌት ሳይቀር ይሠራበታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ከኤምሬቶች ለሚመጣ የግመል ወተት በሩን ከፍቷል። በኬንያ ኢሲዮሎ አኖሌይ የተባለው የሴቶች ማኅበር በየጠዋቱ ወተቱን በአውቶቡስ ጭኖ ናይሮቢ ኢስትሊ ያደርሳል። የተባበሩት መንግሥታትም 2024 እ.ኤ.አ.ን የግመልና የዘመዶቿ ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር። እኛ ጋ በጅጅጋ በርዋቆ የተባለ ማቀነባበሪያ ወተቱን አሽጎ ለማቅረብ ተነሥቷል፣ ሐረማያም ያጠናል። ግን አዲስ አበባ ላይ የኤምሬቶቹን ቸኮሌት ከሻንጣ የሚያወጣ ሰው አይቻለሁ፤ የጅጅጋን ዳናን የሚያወጣ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ያሳፍራል!

የሚያሳስበኝ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ጀሪካኑ ነው። ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ መኪና ላይ አይሰበርም፤ ስለዚህ ዲሉን ከገበያ እያስወጣው ነው። ግን ፕላስቲክ በፍም አይታጠንም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ በደንብ አያጥበውም፤ ጢስ የሌለው ወተት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፣ ቢኮመጥጥም ያ ግርማ የለውም። አርብቶ አደሩ ሩቅ ገበያ ለመድረስ ጀሪካኑን ቢመርጥ አልፈርድበትም። የምፈርደው ዋጋውን አንድ አድርገን በምንገዛው በእኛ ላይ ነው። በዲል የመጣውንና በጀሪካን የመጣውን በአንድ ዋጋ የሚገዛ ከተማ በመጨረሻ የሚቀርለት ጀሪካኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ወደ ጅጅጋ የምትሄዱ ሁሉ ጠዋት ወተት ተራ ውጡ፤ የታጠነ ዕቃ የያዘችውን ሻጭ ፈልጉ፣ ከየት እንደመጣና መቼ እንደታለበ ጠይቋት፣ ለዕቃው ድካም ጨምራችሁ ክፈሉ። የአዲስ አበባ፣ የድሬዳዋና የሐረር ሆቴል ባለቤቶች ደግሞ ዳናንን ምናሌያችሁ ላይ አስገቡ፤ ከስሙ ጎን «የፋፈን፣ የከረን ወራት፣ በወይራ የታጠነ» ብላችሁ ቦታውን፣ ወራቱንና ዕንጨቱን ጻፉ። ለጀርመኑ ነጭ ወይን የምታደርጉትን ክብር ለጅጅጋው ነጭ አትንፈጉት፤ ከአቅራቢዋ እናት ጋርም ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ውል ግቡ።